ስለ አንድ ቀን የጋራ ሥራ

በአማኑኤል ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ስለ አንድ ቀን ሥራ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ካሉት ቀኖች አንዱን ለይቶ፥ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት ወጥተው፥ ዋጋ ሳይቀበሉ ለተቸገረ ሰው የሚሠሩበት ቀን ይሁን ማለት ነውና። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቀን በማን ደጅ እንደሚጀመር፥ በየትኛው ዕለት እንደሚውል፥ ምን እንደሚበላበት፥ ማን እንደሚያዝዘው አስቀድሞ ካልታሰበበት፥ ለመልካም የታሰበው ነገር ለሰው ዓይን የሚደረግ ግርግር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የምናገረውን በአጭር ቃል አስቀድሜ ልግለጥ። የጋራ ሥራ ቀን ፍትሕ ያለበት ቀን የሚባለው፥ ጉልበቱ ብድር ሊመልስ ለማይችለው ሰው አስቀድሞ የዋለ እንደ ሆነ፥ ደግሞም ከሠራተኞቹ አንዱ ስንኳ ስለ ሥራው ብሎ ከሃይማኖቱ ሥርዓት እንዲጎድል ያልተገደደ እንደ ሆነ ነው።

አገራችን የጋራ ሥራን ከሌላ የምትማር አይደለችም። በጎጃም ደጋ ወንፈልንና ደቦን የማያውቅ ገበሬ የለም። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ አንተ የእኔን ማሳ ብታርም ነገ እኔ የአንተን አርማለሁ። ደቦ ግን ጥሪ ነው፤ ባለቤቱ ጠላ ጠምቆ፥ እንጀራ አስጋግሮ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የተጠራውም በዘፈንና በሆታ ሲያጭድ፥ ሲወቃም ይውላል። ሁለቱም መልካም ልማዶች ናቸው፤ ብዙ ዘመን አገርን ያቆሙ ናቸውና ማንም ሊንቃቸው አይገባም።

ነገር ግን በሚዛን ላይ እናድርጋቸው። ወንፈል ጉልበት ያለውን ጉልበት ካለው ጋር ያገናኛል። ባልዋ የሞተባት ሴት፥ ዓይኑ የታወረ ሽማግሌ፥ እናት አባት የሞቱበት ልጅ ምን ብድር ይመልሳሉ? ደቦም ጎተራው የሞላለትን ይረዳል። ገብስና ጌሾ የሌላት ሴት ምን ጠምቃ ማንን ትጠራለች? እንዲህ በመሆኑ ከሁሉ ይልቅ ረዳት የሚያስፈልገው ሰው ከሁለቱም ልማድ ውጭ ቁሞ ይቀራል። በሬ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ በመከር ጊዜም የምርቷን እኩሌታ አስረክባ የቀረው እስከ ክረምት ሳያደርሳት ታልቃለች። በዚህች ሴት ላይ ማንም በግልጥ ክፉ አላደረገባትም። የተጎዳችው ልማዱ እርሷን ስላልቈጠራት ነው። ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ የሚነገረውም ብዙ ቃል ከዚህ ይጀምራል፤ ያልተቈጠረውን መቍጠር ማለት ነው።

ይህንንም ፍርድ ከሩቅ አገር የምናመጣው አይደለም። ክርስቲያኑ በኦሪት ሕግ፥ ባለ እርሻ መከሩን ሲሰበስብ የማሳውን ዳር አጥርቶ እንዳያጭድ፥ ቃርሚያውንም ለድኻውና ለመጻተኛው እንዲተው መታዘዙን ሲሰማ አድጓል። እስላሙም ዘካ ከሃይማኖቱ አምስት መሠረቶች አንዱ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ይማራል፤ ልኩ ከደረሰው እህልም፥ በዝናም ከበቀለው ከዐሥር አንድ፥ በድካም ውኃ ተስቦለት ከበቀለው ከሃያ አንድ እንዲወጣ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ክርስቲያኑም ዐሥራት ብሎ የሚያወጣው ያንኑ ከዐሥር አንዱን ነው። በጸሎት ቤት የሚለያዩት ሁለቱ ወገኖች በጎተራ ደጃፍ የሚቈጥሩት ቍጥር አንድ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ የእህል ዐሥራት ካለ የጉልበት ዐሥራት ስለ ምን አይኖርም? በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ከዐሥር እጅ አንዱን የሚያህል ስንኳ አይደለም።

የጉርብትናችን ታሪክ ረጅም ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ፥ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በመካ መከራ በጸናባቸው ጊዜ ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ እንደ መጡ ይነገራል። በእስላሞች ታሪክ እንደ ተጻፈው፥ ስደተኞቹን አሳልፈህ ስጠን ብለው ከመካ መልእክተኞች በተከተሉ ጊዜ፥ ንጉሡ የሁለቱን ወገን ነገር ሰምቶ መልእክተኞቹን ባዶ እጃቸውን ሰደዳቸው። በዚህ ታሪክ ላይ አንድ ነገር ልብ እናድርግ። ንጉሡ ስደተኞቹን ያዳናቸው አስቀድሞ ቃላቸውን በመስማት ነው። ምጽዋት ከመስጠት በፊት ነገርን ሰምቶ መፍረድ ይቀድማል።

በወሎም እስከ ዛሬ የሚታይ ሥርዓት አለ። እኛ ዕድር የምንለውን በዚያ አገር ቅሬ ይሉታል፤ በብዙ ስፍራ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ተጽፈው፥ አንዱ ሲሞት ሌላው መቃብር ይቈፍራል፥ ድንኳን ይተክላል፥ ሐዘንተኛውንም ያጽናናል። ጸሎቱን ግን ለባለ ሃይማኖቱ ይተዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እስላሙ እንጨት ይሸከማል፥ መስጊድ ሲሠራም ክርስቲያኑ ድንጋይ ያቀብላል። ይህን ያደረጉ ሰዎች ሃይማኖታቸውን አላቀላቀሉም፤ ጉልበታቸውን ብቻ አስተባበሩ።

ስለ ራሳችን አገር ግን መልካሙን ብቻ መናገር አይገባም። በድሮ ዘመን በጎጃም በባሶ ገበያ የእስላም ነጋዴዎች ከዓባይ ማዶ ቡናና ሌላ ሸቀጥ እያመጡ ይነግዱ ነበር፤ አገሩም በእነርሱ ንግድ ይጠቀም ነበር። ዳሩ ግን በክርስቲያኑ ደጋ በብዙ ስፍራ ለእስላም የርስት መሬት አይሰጠውም ነበርና፥ በንግድና በሽመና ብቻ እንዲያድር ተገደደ፤ ያው ሰው ደግሞ ሸማኔ ተብሎ ይናቅ ነበር። አስቀድሞ ከመሬት አውጥቶ፥ ኋላም መሬት የለህም ብሎ መናቅ ድርብ በደል ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን፥ ሌላውንም ባለ እጅ በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዝዘው ነበር። የመሬቱ ነገር የተለወጠው ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው።

ከዚያም በፊት ባለው ዓመት፥ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ እስላሞች በአገራቸው እኩልነት እንዲሰጣቸው በመለመን ታላቅ ሰልፍ ወጡ። በዚያ ቀን ብዙ ክርስቲያኖችም ከእነርሱ ጋር ተሰልፈው ዋሉ። እነዚያ ክርስቲያኖች ለራሳቸው የጠየቁት ነገር አልነበረም፤ የጎረቤታቸው ጥያቄ እውነት መሆኑን አይተው ነው የወጡት። ከደርግ ዘመን ጀምሮም ሦስቱ የእስልምና በዓሎች፥ መውሊድ፥ ዒድ አልፈጥርና አረፋ፥ ከመንግሥት በዓሎች ጋር ተቈጠሩ። በልዩ ልዩ ሃይማኖት ያሉ ሰዎች ለፍትሕ በአንድነት የቆሙበትን ቀን ለልጆቻችን ማስተማር ብንፈልግ ይህ ቀን ይበቃናል።

ደግሞ ልንደብቀው የማይገባ ሌላ ቀን አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በራሳችን በምሥራቅ ጎጃም፥ በሞጣ ከተማ፥ በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ የሚል ነገር ከተሰማ በኋላ መስጊዶች ተቃጠሉ፥ የእስላሞችም ሱቆች ተዘረፉ። ይህን የምናገረው ያንን ከተማ ለመንቀፍ አይደለም፤ በዚያም አብሮ ቡና የጠጣ፥ አብሮ የነገደ ጎረቤት ነበረ። የምናገረው ትምህርት እንድናገኝበት ነው። በአንድ ከተማ አብሮ መኖር ብቻውን ወሬን አያቆምም። ወሬ በመጣ ጊዜ፥ ቆዩ፥ እኔ ይህን ሰው አውቀዋለሁ ብሎ በመንገድ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሰው በአንድ ሰዓት አይገኝም። ቄሱና ሼኹ አስቀድመው በአንድ ጉዳይ የተማከሩ፥ ጎበዛዝቱም በአንድ ማሳ ላይ ላባቸውን ያፈሰሱ እንደ ሆነ፥ በክፉ ቀን አንዱ ወደ ሌላው ደጅ ለመሄድ መንገዱን ያውቃል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረትም የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። በመጀመሪያ ስለ ዕለቱ። የእኛ ገበሬ በሰንበትና በወር በዓሎች አያርስም፤ ሚካኤል በ12፥ ማርያም በ21፥ መድኃኔ ዓለም በ27፥ አማኑኤልም በ28 ይከበራሉ። እስላሙ ደግሞ ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሶላት ይሰበሰባል። ስለዚህ በዓል የሌለበት ሰኞ፥ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ቢመረጥ ለሁለቱም ይስማማል። የእስላሞች ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በዐሥራ አንድ ቀን ያህል ያንሳልና፥ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል። በ2017 ዓ.ም. የክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምና የእስላሙ ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገብተው ነበር። ውኃ እንኳ የማይቀምሰውን ጾመኛ በፀሐይ ድንጋይ ማሸከም ግፍ ነው። ቀኑ ከመቈረጡ በፊት መምህሩ ሁለቱንም የዘመን አቈጣጠር ይመልከት፥ ቄሱንና ሼኹንም ይጠይቅ።

ሁለተኛ ስለ ምግቡ። በአገራችን ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ በዚያ ቀን ሥጋ አይታረድ፥ ጠላም አይጠመቅ፤ ጠላ እስላሙን ያርቀዋልና። እንጀራ በሽሮ፥ ንፍሮ፥ ቈሎ፥ ዳቦም ይቅረብ፤ የሚጠጣው ንጹሕ ውኃ፥ ቢገኝም ያልፈላ የማር ብርዝ ይሁን። ይህ ምግብ ክርስቲያኑ በጾም ወራት የሚበላው፥ እስላሙም የማይጠራጠረው ነው፤ ወጪውም ጥቂት ነው። ገበታው አንድ ይሁን። ሸክላ ሠሪዋም፥ ቀጥቃጩም፥ ሸማኔውም ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ስፍራ ይቀመጡ። ባለ እጅን ለብቻው የሚያስቀምጥ ገበታ የቀኑን ሥራ ሁሉ ያፈርሰዋል።

ሦስተኛ ስለ መዝገቡ። እኔ በጽሕፈት የማድር ሰው ነኝና በዚህ ነገር ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ። መምህሩ አንድ ደብተር ያዘጋጅ፤ በውስጡም የሰውየውን ስም፥ የሚያስፈልገውን ሥራ፥ የሚበቃውን የሰው ቍጥር፥ ሥራው የተፈጸመበትንም ቀን ይጻፍ። የሃይማኖት ስም የሚጻፍበት ዐምድ ግን አይኑርበት። ከተጻፈ ዘንድ ለእነዚህ ይህን ያህል፥ ለእነዚያ ያን ያህል ተደረገ እየተባለ መቈጣጠር ይመጣል፤ ጎጆዋ የሚያፈስስባት ሴት ግን ዝናሙ ሃይማኖቷን ጠይቆ አይገባባትም። ደብተሩም በአደባባይ አይነበብ። ቄሱ፥ ሼኹና መምህሩ ብቻ ይወቁት፤ ድኽነቱ በሕዝብ ፊት የተነበበበት ሰው ከረኃቡ ይልቅ ኀፍረቱ ይጎዳዋልና።

አራተኛ ስለ ሥራው ዓይነት። በኅዳርና በታኅሣሥ የአቅመ ቢሱን እህል ማጨድና መውቃት፤ በግንቦት፥ ክረምት ሳይገባ፥ የፈረሰ ጣሪያ መክደን፤ በበጋ ምንጭ ማጐልበትና ከብት እንዳያደፈርሰው ማጠር፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ሊፈጸሙ ይችላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በሆነው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ሕፃናትም ከትምህርት ተለይተው ቆይተዋል። ስለዚህ የትምህርት ቤትን ግድግዳ መምረግ፥ የተሰበረውን መቀመጫ መጠገን ከዚህ ሥራ ይቈጠር፤ በዚያ መቀመጫ ላይ የሁሉም ልጅ በአንድነት ይቀመጣልና።

ችግኝ መትከልም መልካም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁሉ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ነገር ግን ገበሬ እንደሚያውቀው ችግኝ የሚጸድቀው በተተከለበት ቀን አይደለም፤ ፍየል ሳይበላው፥ የመጀመሪያው በጋም ሳያደርቀው ሲቀር ነው። የሰው ርዳታም እንዲሁ ነው። የአንዲት መበለት ማሳ ታጭዶ ነዶው በሜዳ ቢቀር ምን ረባት? ስለዚህ የተጀመረውን የሚጨርሱ ሁለት ሰዎች፥ ቢቻል አንድ ክርስቲያንና አንድ እስላም፥ ለእያንዳንዱ ቤት ይመደቡ፤ እስከ ሳምንትም ተመልሰው ይዩ።

አምስተኛ፥ ይህ ቀን በፈቃድ ብቻ ይሁን። አባቶቻችን በመኳንንቱ ሁዳድ ላይ በግድ ያርሱ ነበር፤ ያ ትዝታ ገና ከሰው ልብ አልጠፋም። ለቀረ ሰው ቅጣት ቢቈረጥበት፥ ወይም ስሙን እየጠሩ ቢያሳፍሩት፥ የፍቅር ቀን ተብሎ የተጀመረው ሁዳድ ሆኖ ይመለሳል። አምስት ሰዎች ወደው ቢወጡ በግድ ከወጡ መቶ ሰዎች የሚበልጥ ሥራ ይሠራሉ። የእነዚያ አምስቱም ሥራ በሚመጣው ዓመት ሌሎቹን ይጠራል።

አንዳንድ ሰው፥ በዚህ ሃይማኖት አይቀላቀልምን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። በሥራው መጀመሪያ ቄሱ ለምእመናኑ ይጸልይ፥ ሼኹም ለተከታዮቹ ዱዓ ያድርግ፤ ሌላው በዝምታ ቆሞ ያክብር። በዚያ ቀን ስብከትም ክርክርም አይነሣ። ሌላው ደግሞ፥ በእኛ ወረዳ እስላሞች እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ለእነርሱ ስንል ይህን ሁሉ ማሰብ ስለ ምን ያስፈልጋል? ይል ይሆናል። እውነት ነው፥ በማቻክል የሚበዛው ሕዝብ ክርስቲያን ነው። ነገር ግን ፍትሕ የሚፈተነው በጥቂቶች ላይ ነው። ብዙ የሆነ ወገን ራሱን ይጠብቃል፤ ጥቂት የሆነ ግን በጎረቤቱ ሕሊና ላይ ተደግፎ ያድራል። በሌላ አገር ክርስቲያኑ ጥቂት፥ እስላሙም ብዙ ሆኖ ይኖራል፤ እኛ በዚህ የምንዘራውን ወንድሞቻችን በዚያ እንዲያጭዱት እንመኛለን።

መምህራን ሆይ፥ የእናንተ ድርሻ ከሁሉ ይከብዳል። ልጆቹ ደብተሩን ለመቍጠር፥ የገመዱንም ርዝመት ለመለካት ሒሳብ ይማሩበት፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን አባቶቻቸው ከማን ጋር ጐንበስ ብለው እንደ ዋሉ በዓይናቸው ይዩ። በዓይን የታየ ትምህርት ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጸናል። አባቶቼ ሽማግሎች፥ እናንተ ደግሞ ወሬ ሳይመጣ ተማከሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃና የመስጊዱ ኢማም በሰላም ቀን የሚገናኙበትን ስፍራ አሁኑኑ ወስኑ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው የተረቱ ሰዎች ድሩ ከአንድ ጥጥ ይፈተል አላሉም። በሚመጣው ታኅሣሥ፥ መከር ሲደርስ፥ በየቀበሌያችሁ ሦስት ቤት ብቻ መርጣችሁ ጀምሩ፤ አንደኛው ቤት ማንንም በደቦ ሊጠራ የማይችል ሰው ቤት ይሁን። የሁላችን ፈጣሪ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ፤ ምድራችንንም ሰላም ያድርግልን።